የሒሳብ ፈተና ለልዩ ፍላጎት ተማሪዎች ሲስተካከል ምን ይቀየራል? ምንስ አይነካም?

«በአንድ ካርቶን ውስጥ 24 ደብተሮች ነበሩ። ሦስት አራተኛው ቢሸጥ ስንት ይቀራል?» ክፍልፋይን አሳምሮ የሚያውቅ፣ ማንበብ ግን የሚከብደው ልጅ ይህን ጥያቄ ሊስት ይችላል። ያን ጊዜ ፈተናው የለካው ንባቡን እንጂ ሒሳቡን አይደለም።

አሜሪካ በዚህ ጉዳይ ለረጅም ዓመታት ተከራክራለች። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ሕግ ለአካል ጉዳተኛ ልጆች በመንግሥት ትምህርት ቤት በነፃ የመማር መብት ሰጠ፤ ለእያንዳንዳቸውም አይኢፒ የሚባለው የግል የትምህርት ዕቅድ እንዲዘጋጅ አዘዘ። ያም ሆኖ ብዙዎቹ ከስቴት ፈተናዎች ውጭ ይደረጉ ነበር። ያልተፈተነ ልጅ መማር አለመማሩን ማን ይጠይቅለታል? በ1997 የተሻሻለው ሕግ በፈተናዎቹ እንዲካተቱ አስገደደ።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄው «እንዴት ይፈተኑ?» የሚል ሆነ። አንዱ መንገድ ጥያቄውን ሳይነኩ አቀራረቡን መለወጥ ነው፦ ጥያቄውን ለልጁ ማንበብ፣ ሰዓት መጨመር፣ በብሬል ወይም በትልልቅ ፊደል ማተም። ሌላው የሚለካውን ነገር ራሱን ማቅለል ነው፤ ለምሳሌ ሦስት አራተኛን በግማሽ መተካት። ወሰኑ ሁልጊዜ ግልጽ አይደለም። ፈተናው ማካፈልን የሚለካ ከሆነ ካልኩሌተር መስጠት መልሱን እንደ መስጠት ነው። የሚለካው ልጁ ችግሩን መረዳቱን ከሆነ ግን ተገቢ ድጋፍ ይሆናል።

ከባድ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው አማራጭ ፈተና አለ። በ2015 የወጣው ሕግ ይህን የሚወስዱት በየትምህርት ዓይነቱ ከስቴቱ ተፈታኞች ከ1 በመቶ እንዳይበልጡ ወሰነ፤ ገደብ ከሌለ ውጤት ያወርዳል ተብሎ የተፈራ ልጅ ሁሉ ወደ ቀላሉ ፈተና ሊገፋ ይችላል።

በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ ወገኖቻችን በድጋፍ፣ በማቅለልና በአማራጭ ፈተና መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ አለባቸው። በአይኢፒ ስብሰባ ላይ በአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ መብት ነው። አማራጭ ፈተና ከቀረበም፣ ልጁ መደበኛ ዲፕሎማ በማግኘቱ ላይ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ትምህርት ቤቱ ለወላጅ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። የተፈቀደው ድጋፍ በየዕለቱ ክፍል ውስጥ መሰጠቱንም ይጠይቁ፤ ልጁ ያልለመደው እርዳታ በፈተና ቀን ብዙም አይጠቅመውም።

እንቅፋቱ ይነሣ፤ ሒሳቡ ግን ይቆይ። ልጁ ምን ያህል እንደሚችል ሳይፈትሹ «አይችልም» ብሎ ማቅለል፣ እርዳታ ቢመስልም፣ የመማር ዕድሉን መቀነስ ነው።