አምሮት ሌላ፣ መጣም ሌላ፦ የኬንት ቤሪጅ ጥናቶች ስለ ሱስ ምን ያስተምሩናል?

ብዙዎቻችን ስለ አንጎል ኬሚካሎች ስንማር "ዶፓሚን የደስታ ኬሚካል ነው" የምትለዋን አባባል ይዘን ነው ከክፍል የምንወጣው። አባባሏ አጭርና ለፈተና የምትመች ናት። ነገር ግን ትክክል ከሆነች፣ ሱሰኛ ማለት ደስታን የሚያሳድድ ሰው ነው፤ ደስ ባይለው ይተወው ነበር ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህን አስተሳሰብ ያናጉትን፣ በአሜሪካ የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆነውን የኬንት ቤሪጅን ሥራዎች በአጭሩ ለማቅረብ እሞክራለሁ።

የሐሳቡ መነሻ

ሮይ ዋይዝ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመው ጽሑፍ አንድ መላ ምት አቅርቦ ነበር። የዶፓሚንን ሥራ የሚያግድ መድኃኒት የተሰጣቸው አይጦች ምግብ ለማግኘት የሚያደርጉትን ጥረት ቀስ በቀስ ይተዋሉ። ስለዚህ ዶፓሚን ሲታገድ ምግቡ ደስታ መስጠቱን ያቆማል አለ። መቼም ነገሩ አሳማኝ ይመስላል። ታዲያ አንድ እንስሳ አልበላም ማለት ምግቡ አልጣመውም ማለት ነው ወይ?

የአይጧን ፊት ማንበብ

አዲስ የተወለደ ሕፃን አፉ ውስጥ ጣፋጭ ነገር ጠብ ሲደረግለት ከንፈሩን ይልሳል፤ መራራ ሲሆንበት አፉን ከፍቶ ፊቱን ያጨማድዳል። አይጦችም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ። ቤሪጅ የተጠቀመው ይህንኑ ነው። ስኳር ያለበት ውኃ በቀጭን ቱቦ በቀጥታ ወደ አይጧ አፍ ይገባል፤ ፊቷ በቪዲዮ ይቀረጽና በዝግታ እየታየ ይቆጠራል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ አይጧ ምግብ ፍለጋ መሄድ አያስፈልጋትም። ስለዚህ መፈለጓና መውደዷ ለየብቻ ሊታዩ ይችላሉ።

እ.ኤ.አ. በ1989 ቤሪጅ፣ ቴሪ ሮቢንሰንና ባልደረባቸው የዶፓሚን ነርቮችን በሚገድል ኬሚካል የአይጦችን ዶፓሚን አሟጠጡ። እነዚህ አይጦች ምግብ ፊታቸው ተቀምጦ አይበሉም፤ በቱቦ ካልተመገቡ በረሃብ ይሞታሉ። ሆኖም ስኳሩ አፋቸው ውስጥ ሲገባ እንደ ጤነኞቹ ከንፈራቸውን ላሱ! ምግቡ ይጥማቸዋል፤ አያምራቸውም እንጂ።

ተቃራኒውም ታየ። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ ጥናት፣ በዘረመል ለውጥ ምክንያት በአንጎላቸው ውስጥ ዶፓሚን የበዛባቸው አይጦች ወደ ጣፋጩ ከሌሎቹ ፈጥነው ሮጡ። ሲቀምሱት ግን የመውደድ ምልክታቸው ከሌሎቹ አልበለጠም። ታዲያ መጣሙ ከየት ይመጣል? እ.ኤ.አ. በ2005 ቤሪጅና ሱሳና ፔሲኛ ኑክሊየስ አኩምበንስ በተባለው የአይጥ አንጎል ክፍል ውስጥ አንድ ኪዩቢክ ሚሊሜትር የምታህል ቦታ አመለከቱ። እዚያች ቦታ ላይ ኦፒዮይድ ሲጨመር የመውደድ ምልክቱ በጣም ይጨምራል። ከዚያው ክፍል ሌላ ቦታ ላይ ሲጨመር ግን አይጧ ብዙ ትበላለች እንጂ የበለጠ አይጥማትም።

እርግጥ የአይጥ ፊት የአይጥን ስሜት ሙሉ በሙሉ አይነግረንም። ቤሪጅም ይህን ስለሚያውቅ ሁለቱን ቃላት በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ነው የሚጽፋቸው። በሌላ በኩል እንደ ቮልፍራም ሹልትስ ያሉ ተመራማሪዎች የዶፓሚን ዋና ሥራ በተጠበቀውና በተገኘው መካከል ያለውን ልዩነት ማስተማር ነው ይላሉ። ክርክሩ አልተዘጋም።

ወደ ሱስ ስንመጣ

ሮቢንሰንና ቤሪጅ እ.ኤ.አ. በ1993 ያቀረቡት ንድፈ ሐሳብ የሚለው እንዲህ ነው፦ ሱስ አስያዥ ነገር ሲደጋገም የአምሮቱ ሥርዓት ከመጠን በላይ ስስ ይሆናል፤ ለረጅም ጊዜም እንደዚያው ይቆያል። ደስታው ግን አብሮ አያድግም፤ እንዲያውም ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ ካቆመ ዓመት የሞላው ሰው የድሮ ቦታውን ወይም ጓደኛውን ሲያይ ብቻ አምሮቱ ሊቀሰቀስበት ይችላል። የፓርኪንሰን ሕመምተኞችም ጥሩ ማስረጃ ናቸው። ዶፓሚንን የሚተካ መድኃኒት ከወሰዱት መካከል አንዳንዶቹ ከዚያ በፊት የማያውቁት የቁማር ወይም የግዢ አባዜ ይይዛቸዋል።

ቤሪጅ ጫትን አላጠናም። ነገር ግን ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን እንደ አምፌታሚን ዶፓሚን እንዲለቀቅ ስለሚያደርግ ጥያቄው እኛንም ይመለከታል። "ምርቃናው እንደ ድሮው አይደለም፣ ግን መተው አቃተኝ" የሚል ሰው ስንሰማ ሰበብ ነው ብለን እናልፈዋለን። በዚህ ንድፈ ሐሳብ ዓይን ግን ሰውየው እውነቱን እየተናገረ ሊሆን ይችላል። አማርኛችንም እኮ "አማረኝ" እና "ጣመኝ" ብሎ ሁለቱን ከጥንት ለይቶ አስቀምጦልናል። እንግዲህ ሱስ ያለበትን ሰው "በጣም ትወደዋለህ?" ብቻ ሳይሆን "ምን ስታይ ነው የሚያምርህ?" ብለን ብንጠይቀው፣ ለመርዳት የተሻለ መነሻ የምናገኝ ይመስለኛል።