ኤርፖርቱ ሲዛወር ጩኸቱስ?

ጎተራ ላይ ጸጥታ ብርቅ ነው። ማሳለጫው ላይ መኪና አይቋረጥም፤ ቀላል ባቡሩ ያልፋል፤ ወደ ሳሪስ የሚወርደው የጭነት መኪናም ሌሊቱን ሲያጓራ ያድራል። በዚህ ሁሉ ላይ አውሮፕላን ይጨመራል። የቦሌ ማኮብኮቢያዎች ምዕራባዊ ጫፍ ከዚህ የሚርቀው ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። አውሮፕላን የሚነሣውም የሚያርፈውም ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ ነው። በበጋ ነፋሱ ብዙ ጊዜ ከምሥራቅ ስለሚነፍስ፣ አብዛኞቹ በጎፋና በሳሪስ በኩል ዝቅ ብለው ይገባሉ። የመነሻው ጩኸት የሚደርሰው ደግሞ ለምሥራቁ ወገን፣ ለገርጂና ለጎሮ ነው።

አዲስ አበባ ኤርፖርቷን አንድ ጊዜ አዛውራለች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የካይሮ በረራ ያደረገው ከልደታ ነበር። ጄት ሲመጣ የልደታ ሜዳ አልበቃም፤ በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 ሥራ ሲጀምር ቦሌ ተተካ። ቦሌ ያኔ ከከተማ ውጭ ነበር። ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱና ክሊኒኩ ተከትለውት ሄደው ከበቡት።

የቦሌን ችግር የሚያከብደው ከፍታው ነው። ኤርፖርቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉ የሚደገፍበት፣ ሞተሩም የሚስበው አየር ያንሰዋል። ጭነት የያዘ አውሮፕላን ረጅም መንገድ ተንደርድሮ ይነሣል፣ ከተነሣም በኋላ ቀስ እያለ ይወጣል፤ በቤቶች አናት ላይ ዝቅ ብሎ የሚቆየውም ያን ያህል ነው። ወደ ሩቅ አገር የሚሄዱት ብዙዎቹ በረራዎች ደግሞ የሚነሡት ሰው ሊተኛ ሲል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ፣ የአውሮፕላን ድምፅ በሌሊት በአማካይ ከ40 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። በእኛ አገር የመኖሪያ ሰፈር ወሰን ቀን 55፣ ሌሊት 45 ነው። እንደ እኔ ግን አማካይ ቁጥር ብቻውን ያታልላል፤ ሕፃን የሚያባንነው አንዱ አውሮፕላን እንጂ የሌሊቱ አማካይ አይደለም። በሎንዶን ሂትሮው አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት፣ ጩኸቱ በሚበረታባቸው ሰፈሮች በልብ ሕመምና በስትሮክ ሆስፒታል የሚገባው ሰው እንደሚበዛ አሳይቷል።

ጭሱ ከጩኸቱ ይልቅ ተደብቆ ይሄዳል። ከጄት ሞተር የሚወጣው እጅግ ደቃቅ ብናኝ በሎስ አንጀለስ ነፋሱን ተከትሎ እስከ 16 ኪሎ ሜትር ድረስ ተለክቷል። ጎተራ ላይ ከአሮጌ የናፍጣ መኪና ጭስ ጋር ስለሚቀላቀል የቱ ከየት እንደመጣ በዓይንም በአፍንጫም አይለይም።

መፍትሔው በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተቀምጧል፦ ድምፁ የቀነሰ አውሮፕላን፣ የመሬት አጠቃቀም፣ የአበራረር ስልት፣ በመጨረሻም የበረራ ገደብ። አየር መንገዳችን በ787 እና በኤ350 በመጀመሪያው ርቆ ሄዷል። የቀረን ሁለተኛው፣ መሬቱ ነው።

ጉዳዩ አሁን አጣዳፊ የሆነውም በዚሁ ነው። በጥር 2018 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ አቡሴራ ላይ፣ በመጨረሻ በዓመት እስከ 110 ሚሊዮን መንገደኛ የሚያስተናግድ ኤርፖርት መሠረቱ ተጥሏል። ቦታው ከቦሌ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለሚል ለሞተሩ ይቀለዋል። የቢሾፍቱ ሰው የጄት ድምፅ ከአየር ኃይሉ ያውቀዋል፤ የሚመጣው ግን ሌሊትም የማያርፍ ነው።

ሙኒክ እ.ኤ.አ. በ1992 ኤርፖርቷን ስታዛውር ተመራማሪዎች በሁለቱም ሰፈር ያሉ ልጆችን ከዝውውሩ በፊትና በኋላ ፈትነዋል። በአሮጌው ሰፈር የልጆቹ ንባብና የማስታወስ ችሎታ ተሻሻለ፤ በአዲሱ ሰፈር ወደቀ። እኛም የመጀመሪያው መንገደኛ አውሮፕላን አቡሴራ ከማረፉ በፊት በቢሾፍቱና በጎተራ ትምህርት ቤቶች ድምፁንም ልጆቹንም መለካት አለብን። በአዲሱ ማኮብኮቢያ ጫፍና ጫፍ ቤት የማይሠራበት መሬት መከለልም ያለበት ገበሬው ተነሥቶ ቦታው ባዶ በሆነበት በአሁኑ ጊዜ ነው።