ሃምሳ ሁለት ሲቀነስ ሠላሳ ስምንት

ባለፈው ክረምት ሦስተኛ ክፍልን የጨረሰች የእህቴ ልጅ በእናቷ ስልክ የሂሳብ መልመጃ ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ጥያቄው «52 ሲቀነስ 38» ይላል። 26 ብላ መለሰች። ቀይ ምልክት መጣ። 24 አለች፤ ቀይ። 16 አለች፤ አሁንም ቀይ። 14 ስትል ስክሪኑ በኮከብ ተሞላ፣ ጭብጨባም ተሰማ። ቀጣዩ ጥያቄ 63 ሲቀነስ 27 ነበር። ሳታመነታ 44 ብላ ጻፈች።

26ም ሆነ 44 የችኮላ መልስ አይደለም። ልጅቷ በአንድ ቤት ከ2 ላይ 8 አልቀነስ ሲላት ገልብጣ ከ8 ላይ 2 ቀነሰች። ከ3 ላይ 7 እምቢ ሲላትም እንደዚያው አደረገች። «ሁልጊዜ ከትልቁ ላይ ትንሹን» የሚል ሕግ ለራሷ አውጥታለች፤ የሠራችውም ሕጓን አክብራ ነው። በ1978 (እ.ኤ.አ.) ጆን ሲሊ ብራውን እና ሪቻርድ በርተን የተባሉ ተመራማሪዎች ብዙዎቹ የልጆች የመቀነስ ስህተቶች እንዲህ ሥርዓት ያላቸው መሆናቸውን አሳይተው ነበር። ለመምህርነት የሚሠለጥኑ ሰዎችም ከተሳሳተ መልስ ጀርባ ያለውን ሕግ ማወቅ እንዲለማመዱ «በጊ» የተባለ የኮምፒውተር ጨዋታ አዘጋጁ። የዚያን ጊዜ ኮምፒውተር የልጅን ስህተት ማንበብ ከቻለ፣ ዛሬ በየስልካችን የምናወርዳቸው ብዙ መልመጃዎች ከቀይ ምልክት አለማለፋቸው ያሳዝነኛል።

ጉዳዩ ከስልክም ከኢንተርኔትም ይቀድማል። በ1973 (እ.ኤ.አ.) ስታንሊ ኤርልዋንገር የተባለ ተመራማሪ፣ ቤኒ የሚል ስም የሰጠውን የ12 ዓመት አሜሪካዊ ተማሪ ታሪክ አሳተመ። ቤኒ የሚማረው እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ደብተር ይዞ፣ በራሱ ፍጥነት እየሠራና እየተፈተነ በሚያልፍበት ሥርዓት ነበር። ከመቶ 80 ያመጣ ወደሚቀጥለው ትምህርት ያልፋል፤ ቤኒም ጥሩ እየገፋ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ኤርልዋንገር አጠገቡ ተቀምጦ ሲያነጋግረው ግን ሌላ ነገር ወጣ። ልጁ ሁለት አሥረኛን ወደ አስርዮሽ ሲቀይር 2ን ከ10 ጋር ደምሮ 12 ያገኛል፤ ነጥብ ያስገባና 1.2 ይላል። አምስት አሥረኛ ደግሞ በእሱ ቤት 1.5 ነው። የመልስ ቁልፉ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ብቻ እንደሚቀበል ስላየ፣ ሂሳብ ማለት ሰዎች ያወጡትን ሕግ እየገመቱ ማግኘት ይመስለው ነበር። ይህን ጽሑፍ ካነበብኩ ወዲህ «98 በመቶ አጠናቀዋል» የሚል ማሳያ ሳይ ቤኒ ትዝ ይለኛል።

በ2007 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር፣ በኮንግረሱ ትእዛዝ፣ 16 የንባብና የሂሳብ ሶፍትዌሮችን በክፍል ውስጥ ያስፈተነበትን ጥናት አወጣ። በተጠቀሙትና ባልተጠቀሙት ክፍሎች ተማሪዎች የፈተና ውጤት መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። እኔ ከዚህ የምወስደው የሶፍትዌሮቹን ማስታወቂያ አለማመንን እንጂ ሁሉንም መጣልን አይደለም። በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በ2002 (እ.ኤ.አ.) በኖቤል ተሸላሚው ካርል ዊማን የተጀመረው «ፌት» ለክፍልፋይ የሚያቀርባቸውን በነፃ የሚገኙ ማሳያዎች እወዳቸዋለሁ፤ ልጁ ቁራጮቹን በእጁ እያንቀሳቀሰ አንድ ሙሉ ሲሠራ ያያል። «ኮሊብሪ» የተባለው መድረክ ደግሞ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት ትምህርት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በእኛ አገር ነገሩ የጎላው መጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ሲዘጉ ነው። ወላጅ ያገኘውን ሁሉ አወረደ፤ መራጭ አልነበረም። ከዚያ ወዲህም ልማዱ ቀጥሏል። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ጀምሮ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ተወስኗል፤ የሚወርደው ግን አብዛኛው እንግሊዝኛ ነው። ቋንቋው ደግሞ ከነሂሳቡ ነው የሚመጣው። አማርኛ ተናጋሪ ልጅ «አስራ አንድ» ሲል አስሩንም አንዱንም በአፉ ይዟቸዋል፤ የእንግሊዝኛው «ኢለቨን» ግን አስሩን ይደብቃል። ልጁ በእጁ ያለውን ትቶ ሌላ በቃል ይሸመድዳል። የሳንቲሙ ትምህርት ስለ አሜሪካኖቹ ኒክልና ዳይም ነው፤ ርዝመቱ በኢንች።

ከሁሉ የባሰው ሰዓት ነው። የእህቴ ልጅ ፀሐይ ስትወጣ የሚያሳይ ሥዕል አይታ «ከጠዋቱ አንድ ሰዓት» ብላ መረጠች። ቀይ። መልሱ ሰባት ነው ተባለች። ለስድስት ሰዓት ልዩነት ማብራሪያ የሰጣት የለም። ይህን ልዩነት ማስተማር ራሱ ጥሩ የመደመርና የመቀነስ ትምህርት ይሆን ነበር፤ እናቱ በአማርኛ፣ መምህሩ በእንግሊዝኛ ሰዓት ለሚነግሩት፣ በዋሽንግተን ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ልጅማ በየቀኑ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ አሁን አንድ መልመጃ ለልጅ ከመስጠቴ በፊት ራሴ ገብቼ ሆን ብዬ እሳሳታለሁ። 52 ሲቀነስ 38 ሲለኝ 26 እጽፋለሁ፤ ምን እንደሚለኝ አያለሁ። የአስሩን ጥቅል ፈትቶ የሚያሳየኝ ከሆነ አቆየዋለሁ። «እንደገና ሞክር» ብቻ ካለኝ አጠፋዋለሁ።

ያን ቀን ስልኩን አስቀምጠን የክብሪት እንጨት አመጣን። አስር አስሩን በክር አስረን፣ አምስት ጥቅልና ሁለት ነጠላ ፊቷ ደረደርን። «ስምንት አንሺ» አልኳት። ሁለቱን አነሳችና ቀና ብላ አየችኝ። «አጎቴ፣ አለቀ እኮ!» ዝም አልኩ። ትንሽ ቆይታ አንዱን ጥቅል ሳበች፤ ክሩ ጠብቆ ስለነበር በጥርሷ ፈታችው።