ምጣዱ፣ ሁለቱ ሽቦዎችና የቆላው ሙቀት

ምጣድ ሲሰካ የቤታችሁ መብራት ፈዘዝ ይላል? ከሶኬቱ አካባቢ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል? ጥፋቱ የምጣዱ ላይሆን ይችላል፤ ሽቦ ከሽቦ የተጋጠመበትን ቦታ አስመርምሩ።

መልካ ወረር እህቴ ዘንድ በሰነበትኩበት ጊዜ ያየሁት ይህንኑ ነው። ከቆጣሪው እስከ ማድ ቤቱ የተሳበው የአሉሚኒየም ሽቦ ከምጣዱ የመዳብ ሽቦ ጋር ተጠማዞ በናስትሮ ተጠቅልሏል። ናስትሮው ጠቁሮ ነበር። የጠራነው ባለሙያ ኃይሉን አጥፍቶ ሲፈታው መጋጠሚያው እጁ ላይ ተሰበረ።

ምክንያቱን አስረዳን። አሉሚኒየም አየር ሲነካው ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ ቅርፊት ያበጃል። ሲሞቅም ከመዳብ በሲሶ ያህል ይበልጥ ይለጠጣል፤ ሲበርድ ይሰበሰባል። እንጀራ በተጋገረ ቁጥር ይህ ሲደጋገም መጋጠሚያው ይላላል፤ የላላው ይግላል።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው ያስገረመኝ። ብረት ከብረት የሚዋሃደው ሲቀልጥ ብቻ ይመስለን ነበር። መዳብና አሉሚኒየም ግን ተጣብቀው ሲግሉ፣ ሳይቀልጡ አተሞቻቸው አንዱ ወደ ሌላው ይሰርጻሉ። በመካከላቸው አዲስ ንብር ይፈጠራል፤ እንደ ሸክላ ተሰባሪ ነው፣ ኤሌክትሪክም ከሁለቱ ባነሰ ያሳልፋል።

ሁለቱ ብረቶች መዋሃዳቸው እንደ ውሃ ቁልቁል መፍሰስ ነው፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ሙቀት ነው። ሊጥን አስቡ፤ ደጋ ላይ ቀናት የሚፈጀው ቆላ ላይ ቶሎ ይቦካል። ቀዝቃዛ መጋጠሚያ ላይ ንብሩ በዓመታትም እምብዛም አያድግም፤ በጋለው ላይ ግን ይፋጠናል። ንብሩ በወፈረ መጠን አተሞቹ የሚያልፉበት መንገድ ስለሚረዝም፣ ውፍረቱ እጥፍ እንዲሆን አራት እጥፍ ጊዜ ያስፈልገዋል። ይህ ግን አያዘናጋን፤ የሚሊሜትር ጥቂት ሺኛ የሆነ ንብር እንኳ መጋጠሚያውን ያዳክማል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ እስከ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ነው። ኃይሉ እጥፍ ሲሆን የመጋጠሚያው ግለት አራት እጥፍ ይሆናል። አሜሪካ ውስጥም እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1973 በአሉሚኒየም ሽቦ የተዘረጋላቸው በርካታ ቤቶች መጋጠሚያቸው ለእሳት አደጋ ዳርጓቸዋል።

ስለዚህ ሁለቱን ሽቦዎች በቀጥታ አታስጠማዙ። ለመዳብና ለአሉሚኒየም ተብሎ የተሠራ ማያያዣ ባለሙያው እንዲያስገባ ጠይቁ። ለምጣዱ የራሱ የመዳብ መስመር ቢዘረጋለት ደግሞ ይመረጣል። ናስትሮ ይሸፍናል እንጂ አይጠግንም። ሶኬት ሲሞቅ ወይም ሲሸት ዋናውን ማጥፊያ አጥፉ፤ ልጆችም እንዲህ ያለ ሽታ ሲሸታቸው ሳይነኩ ለትልቅ ሰው እንዲናገሩ አስተምሯቸው።