ማኅደር ለስልክ

በሰሜን ሸዋ ካሉ የቆዩ አብያተ ክርስቲያናት ዕቃ ቤት የገባ ሰው መጻሕፍቱን ሁሉ መደርደሪያ ላይ አያገኛቸውም። በወፍራም ቆዳ ማኅደር ገብተው፣ በማንገቻቸው ከኩላብ የተንጠለጠሉ አሉ። ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ራሳቸው መጻሕፍት ያስጻፉ ንጉሥ ነበሩና አገሩ ለብራና አዲስ አይደለም። ካህኑ ዳዊቱን በትከሻው አንግቶ የአንኮበርን ቁልቁለት ሲወርድ ዝናቡንም፣ ግጭቱንም፣ የቤቱን ጭስም የሚቀበለው ማኅደሩ ነው። ስለ ብራናው ብዙ ተጽፏል፤ ማኅደሩን ግን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። ለስልኩ በገዛ እጁ ማስቀመጫ ሊሰፋ ላሰበ ሰው ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም።

ማኅደር ሁለት ክፍል አለው፤ መጽሐፉ የሚገባበት ከረጢትና ከላይ የሚደፋበት ክዳን። ማንገቻው ከከረጢቱ ጎንና ጎን ተነሥቶ በክዳኑ ውስጥ ያልፋል። መጽሐፉን ለማውጣት ክዳኑን በማንገቻው ላይ ወደ ላይ ማንሸራተት ነው። ቁልፍ የለው፣ ዘለበት የለው፤ ክዳኑ አይወድቅም፣ አይጠፋም። ቆዳው ሲርስ ይለዝባል፣ በቅርጽ ላይ ተወጥሮ ሲደርቅ ደግሞ ይጠነክርና የያዘውን ቅርጽ አይለቅም።

ስልክን የሚሰብረው ምንድን ነው? መውደቁ ሳይሆን በድንገት መቆሙ ነው። 180 ግራም የሚመዝን ስልክ ከ1 ሜትር ከፍታ ድንጋይ ላይ ወድቆ በግማሽ ሚሊ ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ ለዚያች ቅጽበት የሚያርፍበት ኃይል በአማካይ የ360 ኪሎ ሸክም ያህል ነው። በመካከል ሱፍ ገብቶ፣ ተጨፍልቆ፣ የሚቆምበትን ርቀት ወደ 3 ሚሊ ሜትር ቢያረዝመው ያው ኃይል ወደ 60 ኪሎ ይወርዳል። መስታወት ሲጫኑት ይችላል፤ ሲለጠጥ ነው የሚከዳው፤ በተለይ ጠርዙ ላይ ዓይን የማያያት ጭረት ካለችበት። ስለዚህ ከሁሉ በላይ መጠበቅ ያለባቸው አራቱ ማዕዘኖች ናቸው።

ሱፉ ደግሞ እዚሁ አለ። የመንዝ በግ ጸጉሩ ሻካራ ነው፤ ከሱ የሚሠራው ባና ብርድ የሚመክት፣ ዓመታት የሚቆይ ልብስ ነው። በ1957 ዓ.ም. የተቋቋመው የደብረ ብርሃን የሱፍ ፋብሪካም ከተማዋን በብርድ ልብስ አስጠርቷታል። ለስልክ አዲስ መግዛት አያስፈልግም፤ ያለቀ ባና ጥግ ይበቃል። እሱም ከሌለ አሮጌ የሱፍ ሹራብ በሙቅ ውኃና በሳሙና በኃይል ማሸት ነው፤ በሱፉ ጸጉር ላይ ያሉት ቅርፊቶች እርስ በርስ ይያያዙና ጨርቁ ተሰብስቦ ይወፍራል። ናይለን የበዛበት ሹራብ ግን ቢታሽ ቢታሽ እንዲህ አይሆንም።

ቆዳውን ከጫማ ሰፊ ዘንድ ቁርጥራጭ መለመን ይቻላል። ልኩ ሲወጣ በስልኩ ስፋት ላይ ውፍረቱና የሱፉ ውፍረት ይጨመራል፤ ለስፌት በግራና በቀኝ ግማሽ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይተዋል። ሱፉ በማስቲሽ ከቆዳው ውስጠኛ ገጽ ይጣበቃል፤ ታችኛው ጥግ ላይ ድርብ ይሁን፤ ስልክ የሚያርፈው ብዙ ጊዜ በዚያ ነውና። ቀዳዳው አስቀድሞ በወስፌ በእኩል ርቀት ይበሳል። ክሩ ሰም ይቀባና በሁለት መርፌ፣ አንዱ ከወዲህ አንዱ ከወዲያ፣ በያንዳንዱ ቀዳዳ ይተላለፋል። እንዲህ የተሰፋ አንድ ቦታ ላይ ቢበጠስ ሌላው ተያይዞ አይተረተርም። ጅማት ያገኘ ደግሞ ክር አይፈልግም። ቆዳውን አርሶ ቅርጽ ለማስያዝ በስልኩ ልክ የተጠረበ ጣውላ ይግባበት፤ ስልኩን ራሱን እርጥብ ቆዳ ውስጥ የሚከት ሰው እንዳለ ስለሰማሁ ነው ይህን መጻፌ።

ጥንካሬ ይጨምራል ብሎ ቆርቆሮ ወይም የብረት ወረቀት መሃሉ ማስገባት ከንቱ ነው። ብረት የስልኩን ሞገድ ይጋርዳል፤ ኔትወርክ በሳሳበት ሸለቆ ደግሞ ስልኩ ምልክት ፍለጋ ሲታገል ባትሪው ያልቃል። ቆዳና ሱፍ ይህ ጣጣ የለባቸውም።

ሌላው የስልክ ጠላት ብርድ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ግድም ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ብርድ ሲበረታ በሊቲየም ባትሪ ውስጥ ያለው ኬሚካዊ ሥራ ይዘገያል፤ ቻርጅ እያሳየ ስልኩ ድንገት የሚጠፋው ለዚህ ነው። ባትሪው ከዜሮ ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ ሳለ ቻርጅ ማድረግ ደግሞ የማይመለስ ጉዳት ያደርሳል። ሱፍ ሙቀት አይፈጥርም፤ ያለውን ሙቀት ቶሎ እንዳይወጣ ይይዛል እንጂ። ስለዚህ ከነማኅደሩም ቢሆን ቦታው ከካፖርት ሥር ነው። ከአንኮበር ጉም ወደ ሞቀ ቤት የገባ ሰውም ስልኩን ወዲያው ባያወጣው ይሻላል፤ እርጥበቱ መስታወቱ ላይ ሳይሆን ሱፉ ላይ ይቀራል። ቻርጅ ሲደረግ ግን ይውጣ፤ ያኔ የታፈነ ሙቀት ጠላት ነው።

የገበያው የጎማ ከቨር ማኅደሩን በአንድ ነገር ይበልጠዋል፤ እያወሩበትም ሳለ ስልኩን እንደለበሰ ነው። ማኅደር ግን ስልኩ በወጣበት ቅጽበት፣ ማለትም ብዙ ጊዜ በሚወድቅበት ሰዓት፣ ባዶውን ይቀራል። መፍትሔው ሁለቱን ማጣመር ነው፤ ቀጭን የጎማ ከቨር ለብሶ ማኅደር ውስጥ የሚገባ ስልክ፣ ልኩ አስቀድሞ ከነከቨሩ የተወሰደለት። ማንገቻውም ለጌጥ አይደለም፤ ከአንገት ወርዶ ደረት ላይ የሚያበቃ ጠፍር ቢሆን፣ ክዳኑን በአንድ እጅ አንሸራትቶ ስልኩን ማውጣት ይቻላል፤ ሌላው እጅ ለበትሩ ይተርፋል።