ድመት የሰውን ቃል ምን ያኽል ታውቃለች?

ድመት ከሰው ጋራ በአንድ ቤት የምትኖር፥ አይጥን የምታድን ትንሽ እንስሳ ናት። በወልዲያ አካባቢ፥ እንዲሁም በመርሳና በቀረው በሀብሩ አገር ገበሬው ማሽላውንና ጤፉን ወቅቶ በደጅ ባለው ጎተራ፥ በቤትም ውስጥ በጎታ ያኖረዋል። ሰው በቀን የደከመበትን እህል ግን አይጥ በሌሊት ይበላዋል፥ ያበላሸዋልም። ድመት ባለችበት ቤት አይጥ እንደ ልቡ አይመላለስም። ስለዚህ ድመትን ደመወዝ የማትቀበል የእህል ጠባቂ ቢሏት ሐሰት አይደለም።

ከእርስዋ ጋራ የሚኖሩ ሰዎች ኹለት ዐይነት ነገር ይናገራሉ። አንዳንዶቹ፥ “ድመት የምንናገረውን ኹሉ ትሰማለች፤ የማትታዘዘው ስለምትንቀን ነው” ይላሉ። ሌሎቹም፥ “ድመት ከወተትና ከሥጋ በቀር ምንም አታውቅም” ይላሉ። ነገሩ ቢመረመር ግን እውነቱ በኹለቱ መካከል ይገኛል።

አስቀድሞ የጆሮዋ ነገር ሊታወቅ ይገባል። ድምፅ የአየር መንቀጥቀጥ ነው። የሰው ጆሮ በአንድ ሴኮንድ እስከ 20000 ጊዜ ያኽል የሚንቀጠቀጠውን ድምፅ ይሰማል፤ የድመት ጆሮ ግን ከዚያ እጅግ አልፎ የሚንቀጠቀጠውን ይሰማል። ሰው የማይሰማውን የአይጥ ቀጭን ጩኸት የምትሰማው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ድመት ስትጠራ ዝም ብትል ጆሮዋ ደንቍሮ አይደለም።

ኹለተኛም ድምፅን ከድምፅ ትለያለች። በጃፓን አገር ያሉ ሊቃውንት ይህን መርምረው፥ በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ2013 ዓ.ም. አሳትመዋል። ለድመቶች በመጀመሪያ የእንግዳ ሰዎችን ድምፅ፥ ቀጥሎም የባለቤታቸውን ድምፅ አሰሟቸው። ብዙዎቹ የባለቤታቸውን ድምፅ በሰሙ ጊዜ ጆሮአቸውን ወይም ራሳቸውን ወደ ድምፁ መለሱ፤ ይኹን እንጂ ከቦታቸው አልተነሡም። ከዚህ የተነሣ ማወቅና መታዘዝ ልዩ ልዩ ነገር መኾናቸው ይታያል።

ሦስተኛም ስሟን ታውቃለች። በዚያው አገር አትሱኮ ሳይቶ የተባለች ሊቅ ከባልንጀሮቿ ጋራ ያደረገችው ምርመራ በ2019 ዓ.ም. ታተመ። ርዝመታቸው የድመቲቱን ስም የሚመስል አራት ቃላት አከታትለው አሰሙ፤ ድመቶቹም እየለመዱት ሄደው ቸል አሉ። በመጨረሻ የገዛ ስማቸው ሲጠራ ግን ብዙዎቹ ጆሮአቸውን ወይም ራሳቸውን አነቃነቁ። የጠራቸው እንግዳ ሰው ሲኾንም ስማቸውን ለዩ።

ኾኖም ድመት ስሟን የምታውቀው ሰው ስሙን እንደሚያውቅ አይደለም። “ውሮ” ሲሏት የቃሉን ትርጓሜ አትመረምርም፤ ከቃሉ በኋላ የሚመጣውን ታስታውሳለች እንጂ። ከስሟ በኋላ ምግብ ከመጣ ስሟ የደስታ ምልክት ይኾንላታል፤ ዱላ ከመጣ ግን የመሸሻ ምልክት ይኾንባታል።

ለምሳሌ በመርሳ አጠገብ ባለ ቤት ድመት በጠዋት ያልተከደነ ወተት ብትጠጣ፥ የቤቱ ልጅ ከትምህርት ቤት ተመልሶ ነገሩን ይሰማል። “ውሮ፥ ውሮ” ብሎ በለስላሳ ድምፅ ይጠራታል፤ ስትመጣም ይመታታል። እርሱ ስለ ወተቱ የቀጣት ይመስለዋል። እርስዋ ግን የጠዋቱን ወተትና የማታውን ዱላ አታገናኝም። የምትማረው ነገር፥ ስትጠራ መምጣት የሚያስመታ መኾኑን ብቻ ነው። ከዚያም ወዲያ ብትጠራ አትመጣም። ዱላው ቢደጋገምባት ቤቱን ትታ ትሄዳለች፤ ጎተራውም ጠባቂ ያጣል። እንዲህም ያለው ልጅ ስለ ጥቂት ወተት ተቈጥቶ፥ ቤተ ሰቡ ዓመቱን ኹሉ የደከመበትን እህል ለአይጥ አሳልፎ ሰጠ።

ስለዚህ ልጆች ሆይ፥ ወተቱን ክደኑ። ድመቲቱ ስታጠፋ ያን ጊዜውን “ተዪ” ብላችሁ ከልክሏት፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ ግን አትምቷት። በስሟም የምትጠሯት ለመልካም ነገር ብቻ ይኹን። የማያውቀውን ትእዛዝ አልፈጸመም ብሎ እንስሳን መቅጣት ፍርድን ማጣመም ነው። በለስላሳ ቃል ጠርቶ መምታትም ተንኰል ነው፤ በእንስሳ ላይ የለመደውም ሰው በባልንጀራው ላይ ለማድረግ አይከብደውም። ድመት የንግግርን ትርጓሜ አታውቅም፤ የጠራትን ሰው ግን ከቃሉ በኋላ ባደረገው ሥራ ታውቀዋለች።