ፕሉቶ ከፕላኔቶች ተራ ለምን ወጣ? የድንክ ፕላኔቶች ታሪክና ምንነት

«ፀሐይን የሚዞሩ ፕላኔቶች ስንት ናቸው?» ለሚለው ጥያቄ ከ2006 በፊት «ዘጠኝ» ብሎ የመለሰ ተማሪ ሙሉ ነጥብ ያገኝ ነበር። ዛሬ ያንኑ መልስ የሚሰጥ ተማሪ ግን ይታረማል፤ ትክክለኛው መልስ «ስምንት» ሆኗልና። በሁለቱ መልሶች መካከል ከሰማይ የጠፋ አካል የለም። ፕሉቶ ዛሬም እንደ ጥንቱ ፀሐይን በ248 ዓመት አንድ ጊዜ ይዞራል። እንግዲህ አንድ ተማሪ ነገሩ ቅር ብሎት «ሳይንቲስቶች ተሰብስበው እጅ በማውጣት የተፈጥሮን እውነት ይለውጣሉን?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ጥያቄው ተገቢ ነው።

መልሱን ለማግኘት ውሳኔውን ብቻ ሳይሆን ወደ ውሳኔው ያደረሰውን መንገድ መመልከት ያስፈልጋል። መንገዱም የሚጀምረው ከፕሉቶ ሳይሆን፣ ከሁለት መቶ ዓመታት በፊት ከተገኘውና ተመሳሳይ ዕጣ ከደረሰው ከሴሬስ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ተሰናባች

በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በርካታ የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች በማርስና በጁፒተር ምሕዋሮች መካከል ባለው ሰፊ ክፍተት ውስጥ ያልታወቀ ፕላኔት ሳይኖር እንደማይቀር ይገምቱ ነበር። ጃንዋሪ 1 ቀን 1801 በሲሲሊ ደሴት በምትገኘው በፓሌርሞ ከተማ ጁሴፔ ፒያዚ የተባለ ተመራማሪ፣ ከሌሊት ወደ ሌሊት ቦታውን የሚለውጥ ደብዛዛ ነጥብ አየ። ለጥቂት ሳምንታት ከተከታተለው በኋላ ግን ነጥቡ ወደ ፀሐይ አቅጣጫ ስለተጠጋ በብርሃኗ ተሸፈነ። ያን ጊዜ የ24 ዓመት ወጣት የነበረው የሒሳብ ሊቅ ካርል ፍሪድሪሽ ጋውስ ከእነዚያ ጥቂት ምልከታዎች ተነሥቶ ምሕዋሩን አሰላ፤ ዓመቱ ሳይወጣም አካሉ በስሌቱ መሠረት ዳግመኛ ተገኘ። ስሙም ሴሬስ ተባለ፤ በፕላኔትነትም ተመዘገበ።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። በ1802 ፓላስ፣ በ1804 ጁኖ፣ በ1807 ደግሞ ቬስታ በዚያው ክፍተት ውስጥ ተገኙ። አራቱም ለበርካታ ዓመታት በመጻሕፍት ውስጥ ከፕላኔቶች ጋር ይቆጠሩ ነበር። በ1845 አምስተኛው ከታየ በኋላ ግን አዳዲሶቹ በየዓመቱ ይጎርፉ ጀመር። ለእያንዳንዱ የፕላኔትነት ማዕረግ መስጠት ትርጉም እያጣ ሲሄድ፣ ዊልያም ኸርሼል በ1802 ያቀረበው «አስትሮይድ» የሚለው ስያሜ ቀስ በቀስ ቦታ አገኘ። ትርጉሙም «ኮከብ መሰል» ማለት ነው። ዛሬ የታወቁት አስትሮይዶች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ናቸው። ሴሬስ ብቻውን መስሎ በታየ ጊዜ ፕላኔት ነበር፤ የብዙዎች አንዱ መሆኑ ሲታወቅ ግን ስሙ ተለወጠ።

እየቀለለ የሄደው ፕሉቶ

ፕሉቶን ያገኘው ክላይድ ቶምባው የተባለ ወጣት አሜሪካዊ ነው። በአሪዞና በሚገኘው የሎዌል የምልከታ ጣቢያ በተለያዩ ሌሊቶች የተነሡ ፎቶግራፎችን እያፈራረቀ ሲያነጻጽር፣ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1930 ከከዋክብቱ መካከል ቦታውን የለወጠ አንድ ነጥብ አስተዋለ። «ፕሉቶ» የሚለውን ስም ያቀረበችው ቬኔሽያ በርኒ የተባለች የ11 ዓመት እንግሊዛዊት ልጃገረድ ነበረች።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፕሉቶ መሬትን ያህል ሊከብድ ይችላል የሚል ግምት ነበር። የሩቅ አካልን መጠነ ቁስ፣ ማለትም በውስጡ ያለውን የቁስ ብዛት፣ በቀጥታ መመዘን አይቻልም። የሚዞረው ጨረቃ ካለው ግን ነገሩ ይቀላል፤ የጨረቃው ርቀትና ዙሩን የሚጨርስበት ጊዜ ከታወቁ የስበት ሕግ ቀሪውን ይነግረናል። በ1978 ጄምስ ክሪስቲ ሻሮን የተባለውን የፕሉቶ ጨረቃ ሲያገኝ ይህ ስሌት ተቻለ። ውጤቱም አስገራሚ ነበር፤ የፕሉቶ መጠነ ቁስ ከመሬት 1/450ኛ እንኳን አይሞላም። ዲያሜትሩም 2,377 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ከእኛ ጨረቃ (3,474 ኪሎ ሜትር) በእጅጉ ያንሳል።

ምሕዋሩም ከሌሎቹ የተለየ ነው። የስምንቱ ፕላኔቶች ምሕዋሮች በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ የተዘረጉ ያህል ሲሆኑ፣ የፕሉቶ ግን በ17 ዲግሪ ያዘነበለና እንደ እንቁላል የሞላለለ ነው። ከ1979 እስከ 1999 ባሉት ዓመታት ከኔፕቲዩን ይልቅ ለፀሐይ ቀርቦ ነበር። ሁለቱ የማይጋጩት ኔፕቲዩን ሦስት ጊዜ ሲዞር ፕሉቶ ሁለት ጊዜ ስለሚዞር ነው፤ የኔፕቲዩን ስበት ይህን ሥርዓት ስለሚጠብቀው ሁለቱ መቼም አይቀራረቡም።

ከኔፕቲዩን ማዶ

በ1992 ዴቪድ ጁዊትና ጄን ሉ ከኔፕቲዩን ማዶ ሌላ ትንሽ አካል አገኙ። ብዙም ሳይቆይ በመቶዎች፣ ቀጥሎም በሺዎች የሚቆጠሩ አካላት ተከተሉ። ዛሬ የካይፐር ቀበቶ የምንለው ይህ ስፍራ፣ ፕላኔቶች በተፈጠሩበት ዘመን ተሰባስበው ትልቅ አካል ለመሆን ያልበቁ የበረዶና የድንጋይ ቅሪቶች የሚገኙበት ነው። ፕሉቶ ብቸኛ አለመሆኑ እየታወቀ መጣ፤ የሴሬስ ታሪክ ሊደገም ነበር።

ጉዳዩን ወደ ውሳኔ የገፋው በ2005 ይፋ የሆነው የኤሪስ መገኘት ነው። ማይክ ብራውን፣ ቻድ ትሩሂዮና ዴቪድ ራቢኖዊትስ ያገኙት ይህ አካል በስፋት ከፕሉቶ ጋር የሚቀራረብ፣ በመጠነ ቁስ ግን ከሩብ በላይ የሚበልጠው ነው። ኤሪስ በግሪኮች አፈ ታሪክ የጠብ አምላክ ናት፤ ስሙም እንደ ግብሩ ሆነ። ፕሉቶ ፕላኔት ከሆነ ኤሪስ ዐሥረኛ መሆን አለበት፤ ኤሪስ ካልሆነ ፕሉቶም አይሆንም። በልማድ ብቻ አንዱን አጽድቆ ሌላውን መጣል ሳይንስ አይደለም።

ሦስቱ መመዘኛዎች

ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ኦገስት 24 ቀን 2006 በፕራግ ባደረገው ጉባኤ በሥርዓተ ፀሐይ ውስጥ አንድ አካል ፕላኔት ለመባል ሦስት ነገሮችን ማሟላት እንዳለበት ወሰነ። አንደኛ፣ ፀሐይን መዞር አለበት። ሁለተኛ፣ በራሱ ስበት ተጨምቆ ክብ ለመሆን የሚበቃ መጠነ ቁስ ሊኖረው ይገባል። ሦስተኛ፣ የምሕዋሩን አካባቢ ከሌሎች አካላት ያጸዳ መሆን አለበት። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አሟልቶ ሦስተኛውን ያላሟላ፣ የሌላ አካል ጨረቃም ያልሆነ አካል «ድንክ ፕላኔት» ይባላል።

ሁለተኛውን መመዘኛ እንመልከት። አንድ ቋጥኝ ቅርጹን የሚጠብቀው በድንጋዩ ጥንካሬ ነው። አካሉ እየገዘፈ ሲሄድ ግን ስበቱ እየበረታ የድንጋዩን ጥንካሬ ያሸንፋል፤ ከፍ ያለው ይወርዳል፣ ጎድጓዳው ይሞላል። ከሁሉም አቅጣጫ ወደ መካከሉ የሚሳብ አካል በመጨረሻ የሚይዘው ቅርጽ ድቡልቡል ነው። ቬስታ ወደ 525 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ኖሮት ሙሉ በሙሉ ያልከበበ ሲሆን፣ 940 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው ሴሬስ ክብ ነው። በረዶ ከድንጋይ ይልቅ በቀላሉ ስለሚሸነፍ ሚማስ የተባለው የሳተርን ጨረቃ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሆኖ ክብ ለመሆን በቅቷል።

ሦስተኛው መመዘኛ ብዙ ክርክር ያስነሣ ነው። «ማጽዳት» ሲባል አካሉ በምሕዋሩ አጠገብ የነበሩትን በግጭት ወደ ራሱ ጨምሯቸዋል፣ በስበቱ አስፈንጥሮ አርቋቸዋል፣ ወይም በራሱ ስበት ሥር አስገብቷቸዋል ማለት ነው። ስቲቨን ሶተር በ2006 ባቀረበው ስሌት መሠረት የመሬት መጠነ ቁስ በምሕዋሯ አካባቢ ካለው ቀሪ ቁስ ሁሉ 1.7 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይበልጣል። ለማርስ ይህ ቁጥር 5,100 ገደማ ነው። ለሴሬስ 0.33፣ ለፕሉቶ ደግሞ 0.07 ብቻ ነው። በስምንቱና በድንኮቹ መካከል ያለው ልዩነት ሰዎች በዘፈቀደ ያሰመሩት መስመር ሳይሆን ተፈጥሮ ራሷ የቆፈረችው ገደል መሆኑን እነዚህ ቁጥሮች ያሳያሉ። ስምንቱ የአካባቢያቸው ጌቶች ናቸው፤ ድንኮቹ ከብዙዎች ጋር የሚኖሩ ጎረቤቶች ናቸው።

መጠን ብቻውን መመዘኛ አለመሆኑንም ልብ ይሏል። ጋኒሜድ የተባለው የጁፒተር ጨረቃና ታይታን የተባለው የሳተርን ጨረቃ በስፋት ከሜርኩሪ ይበልጣሉ፤ ነገር ግን ፀሐይን በራሳቸው ስለማይዞሩ ፕላኔቶች አይባሉም።

አምስቱ ድንኮች

ኅብረቱ እስካሁን በድንክ ፕላኔትነት የመዘገባቸው አምስት ናቸው። ሴሬስ በማርስና በጁፒተር መካከል ይገኛል፤ ፕሉቶ፣ ሃውሜያ፣ ማኬማኬና ኤሪስ ግን ከኔፕቲዩን ማዶ ናቸው። ከእነዚህ ሃውሜያ የተለየ ነው፤ በአራት ሰዓት ውስጥ አንድ ጊዜ በራሱ ዛቢያ ስለሚሽከረከር ተለጥጦ የሞላለለ ቅርጽ ይዟል። በ2017 ደግሞ ዙሪያውን የከበበ ቀለበት እንዳለው ታውቋል። ኳዋር፣ ሴድና፣ ጎንግጎንግና ኦርከስ የተባሉትንም ብዙ ተመራማሪዎች ከድንክ ፕላኔቶች ይቆጥሯቸዋል።

መንኮራኩሮች ያዩት

«ድንክ» መባል አሰልቺ መሆን ማለት እንዳልሆነ ያስመሰከረው ዓመት 2015 ነው። በማርች ወር ዶውን የተባለችው መንኮራኩር ሴሬስን መዞር ጀመረች። ኦካቶር በተባለው 92 ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው ጉድጓድ ውስጥ ያንጸባርቁ የነበሩት ነጫጭ ምልክቶች በአብዛኛው ሶዲየም ካርቦኔት ሆነው ተገኙ። ይህም ከውስጥ የወጣ ጨዋማ ውኃ ተንኖ የተወው ቅሪት ነው።

ጁላይ 14 ቀን ደግሞ ከዘጠኝ ዓመት ተኩል ጉዞ በኋላ ኒው ሆራይዘንስ የተባለችው መንኮራኩር ከፕሉቶ ገጽ በ12,500 ኪሎ ሜትር ርቀት አለፈች። ከዜሮ በታች 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሚደርስ ብርድ ውስጥ የውኃ በረዶ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ 3,500 ሜትር ያህል ከፍታ ያላቸው ተራሮች ሠርቷል። በአጠገባቸው ከጠጠረ ናይትሮጂን የተሠራ ሰፊ ሜዳ ተዘርግቷል። በሜዳው ላይ የግጭት ጉድጓዶች አለመታየታቸው ገጹ በየጊዜው እየታደሰ መሆኑን ያመለክታል። የሞተ የበረዶ ክምር ይሆናል ተብሎ የተገመተው ፕሉቶ ዛሬም የሚንቀሳቀስ ሥነ ምድር አለው። ስበቱ ከመሬት 1/16ኛ ገደማ ስለሆነ 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተማሪ በዚያ ከ4 ኪሎ ግራም ያነሰ ክብደት ያህል ይሰማዋል።

በጋላክሲያችን ውስጥስ?

የ2006ቱ ትርጓሜ ፀሐይን ለሚዞሩ አካላት ብቻ የተሠራ ነው። በፍኖተ ሐሊብ ጋላክሲ ውስጥ ሌሎች ከዋክብትን የሚዞሩ ፕላኔቶች ግን በ2025 ቁጥራቸው ከ6,000 አልፏል። ከእነዚህ አንዱ ስሙን ያገኘው ከኢትዮጵያ ነው። ኅብረቱ በ2019 አገሮች ኮከብና ፕላኔት እንዲሰይሙ ባዘጋጀው መርሐ ግብር፣ ኤችዲ 16175 የተባለው ኮከብ «ቡና»፣ ፕላኔቱም «አቦል» ተብለዋል። አቦል ከጁፒተር ከአራት እጥፍ በላይ የሚከብድ ግዙፍ ነው፤ የታወቀውም ኮከቡን በስበቱ ወዲያና ወዲህ ስለሚያወዛውዘው ነው።

በሩቅ ከዋክብት ዙሪያ ትንንሾቹን ማግኘት የሚያዳግተው ለምንድን ነው? አንዱ ዘዴ ፕላኔቱ በኮከቡ ፊት ሲያልፍ ብርሃኑ ምን ያህል እንደሚቀንስ መለካት ነው። ጁፒተር በፀሐይ ፊት ሲያልፍ ከሩቅ ለሚያይ ሰው የፀሐይ ብርሃን በ1/100ኛ ያህል ይቀንሳል። መሬት ስታልፍ በ1/12,000ኛ ገደማ፣ ፕሉቶ ሲያልፍ ደግሞ በ1/340,000ኛ ገደማ ነው። እንዲያም ሆኖ በ2013 ኬፕለር የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ከእኛ ጨረቃ እምብዛም የማይበልጥ ኬፕለር-37ቢ የተባለ ፕላኔት ለማየት በቅቷል። ከዚህ ያነሱ አካላትም በጋላክሲው ውስጥ እንዳሉ ምስክር አለን፤ በ2017 ኦሙአሙአ፣ በ2019 ቦሪሶቭ፣ በ2025 ደግሞ 3አይ/አትላስ የተባሉት ትንንሽ አካላት ከሌሎች ከዋክብት አካባቢ መጥተው በሥርዓተ ፀሐያችን ውስጥ ሲያልፉ ታይተዋል።

ድምፅ መስጠት ምን ወሰነ?

በመጀመሪያ ወዳነሣነው ጥያቄ እንመለስ። የፕራግ ጉባኤ ስለ ፕሉቶ አንዲት የተፈጥሮ እውነት እንኳ አልለወጠም። ስፋቱ፣ ምሕዋሩና ስበቱ በልኬት እንጂ በድምፅ የሚታወቁ አይደሉም። በድምፅ የተወሰነው አንድ ቃል ለየትኞቹ አካላት እንደሚነገር ነው። በዚህም ላይ ሁሉም አልተስማማም። የኒው ሆራይዘንስ ተልእኮ መሪ የሆነው አለን ስተርን ሦስተኛውን መመዘኛ አጥብቆ ይነቅፋል፤ አንድ አካል መመደብ ያለበት በራሱ ባሕርይ እንጂ በጎረቤቶቹ መሆን የለበትም ከሚሉትም አንዱ ነው። ይህ ክብደት ያለው ሐሳብ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ መንገድ ብንሄድ የፕላኔቶች ቁጥር ስምንትም ዘጠኝም ሳይሆን እጅግ ብዙ ይሆናል። «ዘጠኝ» የሚለውን ቁጥር ብቻ ለይቶ የሚያጸድቅ መመዘኛ ግን ከሁለቱም ወገን አልቀረበም።

በቺሊ የሚገኘው የቬራ ሩቢን የምልከታ ጣቢያ በ2025 የመጀመሪያ ምስሎቹን አሳይቷል፤ ከኔፕቲዩን ማዶ የምናውቃቸውን አካላት ቁጥርም በብዙ እጥፍ እንደሚያሳድግ ይጠበቃል። ስለዚህ ዛሬ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ያለው የድንክ ፕላኔቶች ዝርዝር ነገ መርዘሙ አይቀርም። ዝርዝሩን በቃሉ የያዘ ተማሪ ያን ጊዜ እንደገና ሊሸመድድ ነው፤ መመዘኛውንና ምክንያቱን የተረዳ ተማሪ ግን አዲሱን አካል በየትኛው ወገን እንደሚመድበው ራሱ መፍረድ ይችላል።